ወደ መካ ሲጓዙ ገላባት የቀሩት

ከትውልድ አገሩ ርቆ በባዕድ ጠረፍ ስለ ሰፈረ አፍሪካዊ ሕዝብ በተነገረ ቁጥር በካሪቢያን ባሕር ዳርቻ የሚኖሩት ጋሪፉናዎች ይጠቀሳሉ። ከባርነት መርከብ የተረፉና ከጌቶቻቸው ያመለጡ አፍሪካውያን ከሴንት ቪንሰንት ደሴት ቀደምት ነዋሪዎች ጋር ተዋልደው ያስገኙት ይህ ሕዝብ፣ በ1789 ዓ.ም. እንግሊዞች ከደሴቲቱ አስወጥተው ወደ ሮአታን ካጋዙት በኋላ፣ ከሆንዱራስ እስከ ቤሊዝ ባለው ዳርቻ መንደር እየመሠረተ ቋንቋውን፣ ከበሮውንና የአያቶቹን ሥርዐት ጠብቆ ኖሯል፤ ዳንግሪጋን የመሰለች የጠረፍ ከተማ የሚጎበኝ እንግዳም፣ ኅዳር 10 ቀን የመግቢያቸው በዓል በየዓመቱ ሲከበር ያያል። ለእኛ ግን እንዲህ ያለውን ሕዝብ ለማየት ውቅያኖስ መሻገር አያሻንም፤ ከጎንደር በስተምዕራብ ወደ ቆላው ወርደን ከመተማ ማዶ ያለችውን ገላባትን፣ ከዚያም አልፈን ገዳሪፍን ብንመለከት፣ ከምዕራብ አፍሪካ በእግሩ ተጉዞ የመጣና በሁለት መንግሥታት ወሰን ላይ ከተማ ያቀና ሕዝብ እናገኛለን።

አንባቢ ገላባትን የሚያውቃት ምናልባት ዐፄ ዮሐንስ የወደቁበት የጦር ሜዳ አጠገብ በመሆኗ፣ አለዚያም በቅርብ ዓመታት ስደተኛ የሚሻገርባት በር በመሆኗ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከልና ከእነርሱም በፊት ያለው ዘመን ተያይዞ ሲነገር ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ይኸውም የከተማዪቱ መሥራቾች ሊያልፉባት እንጂ ሊኖሩባት ያልመጡ መሆናቸው፣ ዕድሏም መንገዱ በተከፈተ ጊዜ እየቀና፣ መንገዱ በተዘጋ ጊዜ እየጠፋ መሄዱ ነው።

ከ1764 እስከ 1813 ዓ.ም.፦ የሐጃጆች ጎዳና

ተክሩር በመካከለኛው ዘመን በሴኔጋል ወንዝ አጠገብ የነበረ የእስልምና መንግሥት ስም ነው፤ በዐረብ አገርና በሱዳን ግን ከምዕራብ ለሐጅ የሚመጣው ጥቁር ሕዝብ ሁሉ፣ ሐውሳም ሆነ ፉላኒ፣ የቦርኑም ሆነ የዳርፉር ሰው፣ ተክሩሪ ሲባል ኖሯል። ይህ ምእመን ስንቅ የጫነ ግመልም ሆነ በወገቡ የታጠቀ ወርቅ ስላልነበረው፣ በደረሰበት አገር ሁሉ ውሃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ፣ ክታብ እየጻፈ፣ ካስፈለገም እየለመነ ለሚቀጥለው ጉዞ የሚበቃውን ያህል ሲያገኝ ይነሣ ነበር፤ በዚህም ምክንያት የሐጁ መንገድ ለብዙዎች የዓመታት መንገድ ሆነባቸው።

በ1806 ዓ.ም. በሸንዲ ገበያ ያያቸው የስዊስ ተወላጁ ተጓዥ ቡርክሃርት የተክሩሪውን ጓዝ አንድ በአንድ ቆጥሮ ጽፎታል፤ በትከሻ ላይ በረጅም በትር የሚንጠለጠል የቆዳ ስልቻ፣ የጸሎት መጽሐፍ ወይም ጥቂት የቁርኣን ምዕራፎች የያዘ ማኅደር፣ ክታብ የሚጻፍበት ከክንድ ያነሰ የእንጨት ሰሌዳ፣ ከትንሽ ቅል የተሠራ የቀለም ዕቃ፣ ለመጠጥና ለምጽዋት የሚሆን ጣባ፣ ለዉዱእ የሚሆን የሸክላ ዕቃ፣ በአንገት ላይ ብዙ ጊዜ የተጠመጠመ መቁጠሪያ፣ ይህ ነበር ሀብቱ ሁሉ። ከእነዚህ መንገደኞች አንዳንዶቹ ወደ ሱዋኪን በቀጥታ ሲያቀኑ፣ ሌሎቹ ከስናር ወደ ራስ አል ፊል፣ ከዚያም በጎንደርና በአክሱም በኩል ወደ ምጽዋ የሚወስደውን ጎዳና ይመርጡ ነበር።

ራስ አል ፊል የተባለው አውራጃ ዛሬ የገላባትና የመተማ አካባቢ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወደ ስናር ሲወርድ ያለፈበት ይህ ቆላ፣ በዚያን ጊዜ ለጎንደር ነገሥታት የሚገዛና ከፉንጅ ሱልጣኖች ግዛት ጋር የሚዋሰን ነበረ። ደገኛው ንዳዱን ስለሚፈራ ሊኖርበት አይደፍርም፤ ዘላኑ ዐረብም ክረምት ሲገባ ዝንብና ጭቃ ሸሽቶ ከብቱን ወደ ሰሜን ይነዳል። ስለዚህ መሬቱ ለምና ሰው የሌለበት ሆኖ ይቆይ ነበር፤ ሐጃጁም ዝናብ መንገዱን ሲዘጋበትና ዋልካው እግር አላስነሣ ሲለው፣ ክረምቱን ማሽላ ዘርቶ ጥጥ ተክሎ ያሳልፋል፤ በበጋው እህሉን ሸጦ ይነሣ ይሆናል፤ ካልተነሣም ሌላ ክረምት ይጨምራል። ከመካ ሲመለስም እንደዚሁ ነው፤ አገሩ ከመራቁ የተነሣ ወደ ዳርፉር ወይም ወደ ቦርኑ ከመድረስ፣ ቀድሞ ባቀናው ማሳ መክተም ይቀለዋል። በዚህ ዓይነት ማንም ያላወጀው፣ የተጀመረበትም ቀን የማይታወቅ ሰፈራ ተመሠረተ።

ከ1813 እስከ 1876 ዓ.ም.፦ ለሁለት ጌታ የሚገብር ሼኽ

በ1813 ዓ.ም. የግብጹ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ሠራዊት ስናርን በያዘ ጊዜ የፉንጅ መንግሥት ፈረሰ፤ በቆላው ወሰን ላይም ከደከመ ሱልጣን ይልቅ መድፍና ግብር ሰብሳቢ ያለው ኃይል ተተካ። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ በዘመነ መሳፍንት ተከፋፍላ ሳለች፣ የደምቢያው ደጃዝማች ክንፉ በ1829 ዓ.ም. ወደ ቆላው ወርደው የግብጽን ጦር ድል አደረጉ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን በቤታቸው ያደገው ዘመዳቸው ካሣ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባለው፣ በመጋቢት 1840 ዓ.ም. በድባርቂ በሥርዐት በተሰለፈ የመድፍ ጦር ፊት ተሸንፎ ተመለሰ። እነዚህ ሁለት ውጊያዎች ያስረዱት አንድ ነገር ቢኖር፣ ደገኛው ቆላውን ሊወጋው እንጂ ሊከርምበት እንደማይችል፣ ግብጻዊውም ቆላውን ሊይዘው እንጂ ወደ ደጋው ሊወጣ እንደማይችል ነው። በሁለቱ አቅም ማነስ መካከል የቀረው ስፍራ የተክሩሮች ሆነ።

በ1854 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ገላባት ሲደርስ ያገኘው በሼኽ ጁመዓ የሚመራ፣ የራሱ ዳኝነትና የራሱ ጦረኛ ያለው የተክሩሮች ማኅበር ነበር፤ በኅዳር 1858 ዓ.ም. ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ በመልእክተኛነት የተላከው ሆርሙዝድ ራሳምም ይህንኑ ሼኽ አግኝቶታል። ሼኹ ለኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት ይገብራል፤ ለግብጽም ይገብራል። አንድ አገር ለሁለት ጌታ ሲገብር ማየት ለእንግዳ ተጓዦች ግራ የሚያጋባ ቢሆንም፣ ለተክሩሮች ግን ግብሩ የነጻነታቸው ዋጋ ነበረ፤ ሁለቱም ወገኖች ገበያውን እንጂ የገበያውን ዳኛ አልፈለጉትምና።

ገበያው የሚቆመው ክረምቱ ካለፈ፣ ወንዙ ከጎደለ በኋላ ነው። ከጎንደር፣ ከቋራና ከጎጃም የሚወርዱት ነጋድያን በበቅሎና በአህያ ቡና፣ ሰም፣ ዝባድ፣ ቆዳና ወርቅ ይዘው ይመጣሉ፤ ከሱዳን የሚወጡት ጀላባዎች ደግሞ አቡጀዲ፣ ዶቃ፣ ኩልና መዳብ በግመል ጭነው ይቀበሏቸዋል፤ ሒሳቡ በማርትሬዛ ብር ይዘጋል። ሳይነገር ሊታለፍ የማይገባው ሌላው ሸቀጥ ሰው ነበር፤ ከደጋውና ከሻንቅላ አገር የተጋዙ ባሮች በዚሁ ገበያ ይሸጡ ነበርና፣ የሐጃጆች ከተማ ከዚህ ኃጢአት ነጻ አልነበረችም። ተክሩሮቹ በክብ የሣር ጎጆዎቻቸው ዙሪያ ጥጥና ማሽላ ይዘራሉ፤ ጥጡን ለደገኛው ሸማኔ ይሸጣሉ፤ ከነጋዴውም ቀረጥ ይቀበላሉ። ገዳሪፍም በዚሁ ዘመን የሹክሪያ ጎሣ አለቆች የአቡ ሲን ቤተ ሰቦች የሚቀመጡባት፣ ሱቅ አቡ ሲን በሚል ስም የታወቀች የእህል ገበያ ሆና፣ ገላባትን ከአትባራና ከናይል መንገድ ጋር ታገናኝ ነበር።

ይህ ሚዛን የተናጋው በግብጹ ገዥ በኬዲቭ እስማኤል ዘመን ነው። ግዛቱን እስከ ቀይ ባሕርና እስከ ደጋው ጥግ ሊያሰፋ የተነሣው ኬዲቭ በገላባት ወታደር ባስቀመጠ ጊዜ፣ ሼኹ የግብጽ ሹም ሆነ፤ ለሁለት ወገን መገበርም ቀረ። ተክሩሮች ከዚያ ወዲህ በማንም ጠብ ውስጥ ገለልተኛ መሆን አልቻሉም።

ከ1876 እስከ 1881 ዓ.ም.፦ የእሾህ አጥር

መሐዲው መሐመድ አሕመድ የግብጽን አገዛዝ በመቃወም ሱዳንን ባነሣሣ ጊዜ፣ በየስፍራው የቀሩት የግብጽ ወታደሮች ተከበው ነበር። በግንቦት 1876 ዓ.ም. በዓድዋ የተፈረመው የሂዌት ውል ዐፄ ዮሐንስ እነዚህ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ እንዲረዱ፣ በለውጡም ቦጎስ እንዲመለስላቸው አደረገ። በገላባት የተከበበውን ጦር የሚመራው የተክሩሮቹ አለቃ ሳሌሕ ሸንጋ ነበር፤ በ1877 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት ወርዶ ከበባውን ከሰበረለት በኋላ፣ ወገኖቹን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ግዛት ገባ፤ ከዚያም ወዲህ ድርቡሽ ከተባሉት የመሐዲው ተከታዮች ጋር በሚደረገው ውጊያ የኢትዮጵያ ረዳት ሆነ። እስላም ሆኖ በክርስቲያን ንጉሥ ጥላ ሥር መጠጋቱ ለዘመኑ ሰው የሚያስደንቅ አልነበረም፤ የመሐዲው ተተኪ የኻሊፋ ዐብዱላሂ ሥርዐት ለገበያውም ሆነ ለሼኹ ሥልጣን ቦታ አልነበረውምና።

ከዚህ በኋላ ከተማዪቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወርደው የድርቡሹን አሚር ወድ አርባብን በገላባት ገደሉት። ኻሊፋ ዐብዱላሂ ለበቀል የላከው ሐምዳን አቡ ዐንጃ ደግሞ በጥር 1880 ዓ.ም. በሳር ውኃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ብዙ ሕዝብም ማርኮ ወሰደ። የጎንደር መቃጠል ዐፄ ዮሐንስን ከሌላው ጉዳይ ሁሉ አስቀድመው ወደ መተማ እንዲዘምቱ አደረጋቸው።

አቡ ዐንጃ በዚያው መካከል ስለ ሞተ፣ የድርቡሹን ጦር የያዘው ዘኪ ጡማል ነበር። ዘኪ ሠራዊቱንና የከተማውን ሕዝብ በአንድነት በታላቅ ዘሪባ ውስጥ ከተተው፤ ዘሪባ ማለት እሾሁ ወደ ውጭ የተደረገ የግራር ቅርንጫፍ ተከምሮ የሚታጠር አጥር ነው፤ ፈረሰኛን ያቆማል፣ እግረኛንም በጠመንጃ አፍ ፊት ያዘገያል። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት ይህን አጥር በአንድ ወገን ሰብሮ ገብቶ፣ ድሉ ወደ እጁ በቀረበ ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ወሬው በሠራዊቱ ውስጥ ሲሰማ ውጊያው ላላ፤ በማግሥቱም ዐፄ ዮሐንስ ዐረፉ። ወደ አትባራ ወንዝ ሲያፈገፍግ የነበረውን ጓዝ ድርቡሾች ደርሰው ሲወጉት የንጉሠ ነገሥቱ ሬሳ በእጃቸው ወደቀ፤ ራሱም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። በዛሬው አጠራር የኢትዮጵያ ወገን የሆነችው ከተማ መተማ ዮሐንስ የተባለችው ስለዚህ ነው።

ከ1881 እስከ 1894 ዓ.ም.፦ ረኃቡና መሥመሩ

ድሉም ሆነ ሽንፈቱ ለወሰኑ ሕዝብ የተለየ ፍሬ አላመጣም። ከደጋው በኩል ሕዝባችን ክፉ ቀን ብሎ የሚያስታውሰው የከብት እልቂትና ረኃብ ገባ፤ በሱዳንም በኩል በዚያው ዘመን ዝናብ ቀረ፤ ገዳሪፍና ገላባት ብዙ ሺህ ወታደር ሲቀልቡ ከርመው ስለ ነበር፣ ጎተራቸው ከሁሉ አስቀድሞ ባዶ ሆነ። የሱዳን የእህል አገር የተባለው ወረዳ ራሱ በረኃብ አለቀ። የተክሩሮቹ ማሳ ዳዋ ዋጠው፤ የጎንደር ነጋዴም መውረዱን ተወ።

በነሐሴ 1890 ዓ.ም. መጨረሻ የእንግሊዙ የጦር አዛዥ ኪችነር በኦምዱርማን ኻሊፋውን ድል ባደረገ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ኮሎኔል ፓርሰንስ ከከሰላ ተነሥቶ ገዳሪፍን ያዘ፤ አሚር አሕመድ ፋዲል ሊያስመልሳት ቢመጣም ተመታ። ብዙም ሳይቆይ የእንግሊዝና የግብጽ ባንዲራ በገላባት ተተከለ። ከዐፄ ምኒልክ ጋር የተደረገው ውል ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲፈረም፣ በአንድ ደረቅ ወንዝ ግራና ቀኝ የነበረው ሰፈር ለሁለት ተከፈለ፤ መተማ ለኢትዮጵያ፣ ገላባት ለሱዳን ሆነ፤ በተከታዩም ዓመት ሜጀር ግዊን መሥመሩን በምድር ላይ እየዞረ ምልክት አኖረበት። ለሁለት ጌታ ይገብር የነበረው አገር አሁን ሁለት አገር ሆነ። ቀድሞ ወሰን ማለት ሰው የሚኖርበት ሰፊ ምድር ነበረ፤ ከዚህ ውል ወዲህ ግን ሰው በእርምጃ የሚሻገረው መሥመር ሆነ፤ ጉምሩክና የይለፍ ወረቀትም ተከተሉት።

ከ1895 እስከ 1921 ዓ.ም.፦ ሁለተኛው ፍልሰት

የቀድሞዎቹ ተክሩሮች በተበተኑበት ምድር ሌላ ማዕበል መጣ። በሐምሌ 1895 ዓ.ም. በሰሜን ናይጄሪያ በቡርሚ ላይ የሶኮቶው ኻሊፋ አታሂሩ በእንግሊዞች ጦር ተገደለ፤ በክርስቲያን ንጉሥ አንገዛም ያሉት ተከታዮቹ ሂጅራ ብለው ወደ ምሥራቅ ተነሡ፤ ልጁ ማይ ወርኖም በስናር አቅራቢያ በጥቁር ዓባይ ዳር እስከ ዛሬ በስሙ የምትጠራውን ከተማ አቀና። አሳዛኙ ነገር፣ ከእንግሊዝ አገዛዝ ሸሽተው የመጡት ሰዎች የደረሱበትም አገር በእንግሊዝ እጅ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ለአገዛዙ እጅግ የተመቸ ሰው ሆነው ተገኙ፤ በ1917 ዓ.ም. የስናር ግድብ ተፈጽሞ የገዚራ የጥጥ እርሻ ሲከፈት የአገሬው ሰው የሚንቀውን የቀን ሥራ የሚሠራ ሰው ይፈለግ ነበርና፣ ፈላታ የተባሉት ሐውሳዎችና ፉላኒዎች የእርሻው ክንድ ሆኑ።

የምድር ባቡሩ በ1916 ዓ.ም. ከሰላ፣ በ1920 ዓ.ም. ገዳሪፍ፣ በተከታዩም ዓመት ስናር ደረሰ። በዚህ ምክንያት የንግዱ ማዕከል ከገላባት ወደ ገዳሪፍ ዞረ፤ ሙጫው፣ ሰሊጡና ማሽላው በቀጥታ ወደ ፖርት ሱዳን ይጫን ጀመር። ሐጃጁም ከእግር ጉዞ ወደ ባቡር ገባ፤ ግን ልማዱ አልተለወጠም፤ ለባቡሩና ለመርከቡ ዋጋ የሚሆነውን ለማግኘት በገዳሪፍ ዙሪያ ጥቂት መከር ይሠራል፣ ከዚያም ብዙዎቹ እዚያው ይቀራሉ። በገዳሪፍ የሐውሳዎች ሰፈር ቋንቋው በቤት ውስጥ ተጠብቆ ቆየ፤ ማታ ማታም በለውዝ ዱቄትና በበርበሬ ታሽቶ በእንጨት ላይ እየተሰካ በፍም ዙሪያ የሚጠበሰው አጋሼ የተባለው ሥጋ፣ ከእነርሱ ሰፈር ወጥቶ የሱዳን ከተሞች ሁሉ ምግብ ሆነ።

ከ1932 እስከ 1937 ዓ.ም.፦ ጦርነትና ትራክተር

ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ከመተማ ተሻግረው ገላባትን ያዙ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብሪጋዴር ስሊም፣ ኋላ በበርማ ጦር ሜዳ ስሙ የገነነው፣ ምሽጉን መልሶ ቢይዘውም በአውሮፕላን ድብደባ ምክንያት ሊቆይበት አልቻለም፤ መተማንም ሊደፍር አልቻለም። ይሁንና ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚህ በስተደቡብ በኡም ኢድላ ወሰኑን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማቸውን ሲተክሉ፣ የኢጣልያ ጦር በዚያው ወር መጨረሻ መተማን ለቆ ወጣ።

ይህ ጦርነት ለገዳሪፍ ያመጣው ዘላቂ ለውጥ ግን ከምሽጉ ውጭ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ለሚገኘው ሠራዊት እህል ለማቅረብ በ1937 ዓ.ም. ገደማ በጋዳምባሊያ ሜዳ ትራክተር ዋልካውን ማረስ ጀመረ። ከዚያ ጀምሮ ሜዳው እስከ ዓይን መድረሻ በማሽላና በሰሊጥ ተሸፈነ፤ አረሙንና አጨዳውን ግን ትራክተር አይሠራውምና፣ በየመከሩ ብዙ የሰው እጅ ተፈለገ። መጀመሪያ ፈላታዎች፣ ቀጥሎም ከጎንደርና ከትግራይ ደጋ የሚወርዱት፣ በመተማ በኩል ሳሉግ የሚባሉት ወቅታዊ ሠራተኞች፣ ይህን ሥራ ያዙት። የኢትዮጵያው ገበሬ ልጅም እንደ ቀድሞው ሐጃጅ ለአንድ መከር ብሎ ወርዶ ብዙ ክረምት የሚከርም ሆነ።

ከ1948 ዓ.ም. እስከ ዛሬ፦ ቀን የሚጠይቅ ሕግ

ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ባወጀች ማግሥት የወጣው የዜግነት ሕግ፣ በትውልድ ሱዳናዊ ለመባል አባቶች በ1890 ዓ.ም. በአገሩ ይኖሩ እንደ ነበር ማስረዳት ያስፈልጋል አለ። የሐጃጅ የልጅ ልጅ ይህን በምን ያስረዳል? አያቱ የመጣው በእግሩ ነው፤ ማንም አልመዘገበውም፤ ራሱም ቢሆን መምጣቱን ሳይሆን ማለፉን ነበር የሚያስበው። የሕጉ ቀን ኋላ ወደዚህ ዘመን የቀረበ ቢሆንም፣ እንግዳ ነህ የሚለው ነቀፌታ አልጠፋም፤ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በጥቁር ዓባይ ክፍለ ሀገር በመሬት ምክንያት በሐውሳዎችና በጎረቤቶቻቸው መካከል ደም ሲፈስ፣ የገዳሪፍና የከሰላ ሐውሳዎች ለተቃውሞ ወደ አደባባይ ወጥተዋል።

በዚህ ዘመን ሁሉ የስደት ጎርፍ ከምሥራቅ ወደ ገዳሪፍ ሲወርድ ቆይቷል። በ1977 ዓ.ም. ረኃብና ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ ኡም ራኩባና ተዋዋ የተባሉትን መጠለያዎች ሞላ፤ ከእነርሱም መካከል የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን፣ ብዙዎቹ በመጠለያው በበሽታ ካለቁ በኋላ፣ የቀሩት በኅዳርና በታኅሣሥ በምሥጢር በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ኡም ራኩባ እንደ ገና ተከፍታ ከትግራይ የሸሹትን ተቀበለች፤ በማግሥቱም ወር የሱዳን ጦር ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች በሚያርሱት በአል ፋሻጋ ምድር ገባ፤ የግዊን መሥመርም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እንደ ገና የጠብ ምክንያት ሆነ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም በጦርነት ስትነድ ጎርፉ ፊቱን አዞረ፤ ሱዳናዊው ቤተ ሰብ ሻንጣውን ይዞ ገላባትን አልፎ መተማ ገባ፤ ከመተማ ብዙ በማይርቀው በኩመር ድንኳን ተተከለለት።

የዚህን ወሰን ታሪክ ከሐጃጁ ስልቻ ጀምሮ እስከ ኩመሩ ድንኳን የተከተለ ሰው፣ አንድ ፍርድ ላይ መድረሱ አይቀርም። ገዥዎች ወሰኑን በጦርና በመሥመር ብቻ ለመጠበቅ በተነሡ ጊዜ ሁሉ፣ በኬዲቩም፣ በኻሊፋውም፣ በኢጣልያኑም ዘመን፣ መጀመሪያ የጠፋው ጎተራውና ገበያው ነበር፤ አገሩን ያቀኑት ደግሞ በማንም ትእዛዝ ሳይሆን ክረምት አግዷቸው ማሽላ የዘሩ መንገደኞች ናቸው። ስለ አል ፋሻጋ መሬትም ሆነ ስለ ሐውሳው ዜግነት የሚመክሩ መንግሥታት ከሰነዱ ቀን ጋር ይህንንም ቢመዝኑ፣ ማን መቼ መጣ ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ማን አቀናው የሚለው ወደ እውነተኛው ፍትሕ ያቀርባቸዋል።